በቪም ውስጥ ጥሪውንና ፈንክሽኑን ጎን ለጎን ማየት

በቪም (ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ከጥሪው፣ ማለትም የፈንክሽኑ ስም ተጠርቶ ከሚገኝበት ቦታ፣ ወደ ፈንክሽኑ ስትዘል ታነብበው የነበረው ኮድ ከፊትህ እንዳይጠፋ፣ መጀመሪያ መስኮቱን ክፈል፤ ከዚያ ዝለል።

1. ጠቋሚውን በፈንክሽኑ ስም ላይ አድርግ።
2. ኮንትሮልና ደብልዩን አብረህ ተጫን፤ ልቀቃቸውና ቪን ተጫን። ያው ፋይል በሁለት መስኮት ይታያል።
3. ኮንትሮልን ይዘህ ] የሚለውን ተጫን። ያለህበት መስኮት ፈንክሽኑ ወደተጻፈበት ቦታ ይሄዳል፤ ሌላው ባለበት ይቆያል።

ኮንትሮልና ደብልዩን ሁለት ጊዜ ብትጫን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ትሻገራለህ።

ዝላዩ የሚሠራው ሲታግስ የተባለው ፕሮግራም የሚያዘጋጀው የስሞች ማውጫ ፋይል ካለህ ነው። አዲስ ፈንክሽን ስትጨምር ፕሮግራሙን እንደገና አስኪደው፤ አለበለዚያ ቪም ስሙን አያውቀውም።

ለአፍታ አየት አድርገህ ለመመለስ ከሆነ ግን መክፈሉም አያስፈልግም። ኮንትሮልና ደብልዩን፣ ቀጥሎ } ተጫን። ከላይ ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ ጠቋሚህም ከቦታው አይነቃነቅም። ለመዝጋት ኮንትሮልና ደብልዩ፣ ከዚያ ዜድ። እኔ ረጅም ኮድ ሳነብ የምመርጠው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ በሁለት መስኮት የሚታየው አንድ ፋይል ሁለት ቅጂ አይደለም። በአንዱ የለወጥከው በሌላውም ይለወጣል፤ ለውጥ መሰረዣው ዩ ደግሞ በየትኛው መስኮት እንደጻፍክ አይለይም፤ የመጨረሻውን ለውጥ ይሰርዛል። ብዙ ሰው አንዱን መስኮት እንደ መጠባበቂያ ቆጥሮ በሌላው እንደ ልቡ ሲሰርዝ አይቻለሁ። የቀድሞው ኮድ እንዲቀመጥልህ ከፈለግህ ፋይሉን አስቀድመህ በሌላ ስም ገልብጠው።