«ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የአባቴ ጨዋታ ይደርቅ ይሆን?»

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። አባቴ 66 ዓመታቸው ሲሆን የፓርኪንሰን ሕመም ከያዛቸው 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ለብዙ ጊዜ ደህና አድርጎ ሲያንቀሳቅሳቸው ቆይቶ አሁን ኃይሉ ቶሎ ቶሎ እያለቀባቸው በመሀል እግራቸው አልታዘዝ ይላቸዋል። ሐኪሞቻቸው በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምት የሚልክ ቀጭን ሽቦ፣ የሚተከልበትን ቀዶ ሕክምና እንዲያስቡበት ነግረዋቸዋል። አባቴ የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ ቡና ሲፈላ ወጋቸው አይጠገብም። ይኸው ሕክምና የተደረገላቸው አንድ ዘመዳችን መንቀጥቀጡ ቢተዋቸውም «ጨዋታቸው ደረቀ» ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ሕክምናው አእምሮን ይጎዳል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ በቂ ምክንያት አለው። አባትዎ በቃል የኖሩ ሰው በመሆናቸውም ጉዳዩ ለእሳቸው ከሌላው ታማሚ ይልቅ ይከብዳል።

ይህን ሕክምና የፈረንሳይዋ ግረኖብል ከተማ ሐኪሞች አሊም ሉዊ ቤናቢድና ፒየር ፖላክ እ.ኤ.አ. በ1987 መንቀጥቀጥን ለማስታገስ ጀመሩት። በ1990ዎቹ ውስጥ ደግሞ ታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል በታች ወዳለችው፣ የምስር ቅርጽ ወዳላት ከባቄላ ፍሬ ወደማትበልጥ የነርቭ ሴሎች ክምችት ተሸጋገሩ። ይህች ትንሽ ቦታ የእጅና የእግር እንቅስቃሴን ብቻ ሳይሆን ሐሳብንና ስሜትን ከሚመሩት የፊተኛው አንጎል ክፍሎች ጋርም የተሳሰረች ናት፤ በሰከንድ 130 ጊዜ ያህል የሚላከው የኤሌክትሪክ ምት ከእንቅስቃሴ አልፎ ሌላውን ሊነካ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በብዙ ጥናቶች ደጋግሞ የታየው ለውጥ ቃላትን ፈልጎ በፍጥነት የማውጣት ችሎታ መቀነስ ነው። መርማሪው ሰዓት ይዞ «በአንድ ደቂቃ ውስጥ በ‹በ› የሚጀምሩ ቃላትን ይንገሩኝ» ይላል። ታማሚው «በግ፣ በሬ፣ በር፣ በርበሬ» ብሎ ይጀምርና ዝም ይላል፤ ቃላቱ ጠፍተው ሳይሆን ወደ አፉ የሚያመጣቸው መንገድ ዘግይቶበት ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ይኸው ነገር «እንትን» በሚለው ቃል መብዛት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጀርመን ጥናት ከፊሎቹ ቀዶ ሕክምናው የተደረገላቸው፣ ከፊሎቹ በመድኃኒት ብቻ የቆዩ 123 ታማሚዎችን ከ6 ወር በኋላ ሲመረምር፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገላቸው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ አጠቃላይ የማሰብ ችሎታቸው አልቀነሰም፤ ቃላትን የማውጣት ፍጥነት ግን ቀንሷል፤ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈውን «ቀይ» የሚል ቃል አይተው የቀለሙን ስም መናገርን በመሰለው ፈተናም ወደ ኋላ ብለዋል። ከዚህ ለውጥ የተወሰነው የሚመጣው ኤሌክትሮዱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ከሚደርሰው ጥቂት ጉዳት ስለሆነ፣ መሣሪያው ቢጠፋም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙን መስመሩ ኮዴት የሚባለውን የአንጎል ክፍል እንዳይነካ እንዴት እንደሚያቅዱ ይጠይቋቸው።

የዘመድዎ ጨዋታ «ደረቀ» የተባለው ግን ከሌላ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል፤ ልዩነቱ መፍትሔውን ስለሚለውጥ ላፍታታው። ቃሉ እያለ ድምፁ ከደከመ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ብዙ ጊዜ የምቱን መጠን በማስተካከል ይሻሻላል። ሰውየው መናገር እየቻለ የመናገር ፍላጎቱ ከጠፋ ደግሞ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሌቮዶፓና መሰሎቹ በፍጥነት ተቀንሰውበት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱን መልሶ በጥቂቱ መጨመር ብዙዎችን አንቅቷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ግራ መጋባት በአብዛኛው ያልፋል።

ኤሌክትሮዱ የሚተከልበት ሌላም ቦታ አለ፤ ግሎበስ ፓሊደስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 299 ታማሚዎችን ለ24 ወራት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱ ቦታዎች እንቅስቃሴን በማሻሻል እኩል መሆናቸውን አሳይቷል። መድኃኒት ይበልጥ የሚቀነሰው በመጀመሪያው ቦታ ነው፤ ነገር ግን የአእምሮ ቅልጥፍናን በሚለካ አንድ ፈተና ላይ ይበልጥ የቀነሱትም በዚያ የተተከለላቸው ናቸው፤ ድባቴም በእነሱ በጥቂቱ ሲብስ በሌሎቹ ተሻሽሏል። እኔ ለአንደበታቸው ለሚሳሱ ሰው ይህን ሁለተኛ ቦታ ሳላነሳ አላልፍም ነበር።

የመርሳት በሽታ የጀመረው ሰው ለዚህ ቀዶ ሕክምና አይመረጥም፤ ስለሆነም የአእምሮ ምርመራ አስቀድሞ መደረግ አለበት። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንዎ ምርመራው በአማርኛ እንዲሆን ነው። ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ያስተማሩ ሰው በእንግሊዝኛ ፊደል ቃላት ቁጠሩ ቢባሉ ውጤቱ የአንጎላቸውን ሳይሆን የእንግሊዝኛቸውን ልክ ያሳያል። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ እርስዎ ራስዎ አያስተርጉሙ፤ ሳይታወቅዎ ቃል ያቀብሏቸዋልና። የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣም አለው፦ በ«በ» የሚጀምር ቃል ሲጠየቁ «ቡና» ቢሉ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የትኛውም ቢመረጥ ጉዳት የለውም፤ በፊትም በኋላም አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ። በምርመራው ሰሞን ትራይሄክሲፈኒዲል ወይም አርቴን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ እሱ ብቻውን ትውስታን ያደክማል።

ሕክምናው የሕመሙን ጉዞ አያቆምም፤ ፓርኪንሰን ራሱ ከዓመታት በኋላ ማሰብን ሊያደክም ይችላል። ከዓመት በኋላ አባትዎ ቃል ቢያጥራቸው ምክንያቱ ቀዶ ሕክምናው ይሁን ሕመሙ ለመገመት የሚያስችለው ያ አስቀድሞ በአማርኛ የተያዘው ውጤት ነው፤ ቅጂውን ተቀብለው ቤትዎ ያስቀምጡት።