አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ኤመራልድ ነው አትበሉት

ወንድሜ ጥያቄህን አይቼዋለሁ፣ ሻኪሶ ዘመድ ጥየቃ ሄደህ ወንዝ ዳር ያገኘኸው አውራ ጣት የሚያክል አረንጓዴ ድንጋይ ኤመራልድ (ውዱ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ) ነው ወይ፣ ከሆነስ ስንት ያወጣል ነው ያልከው። "አለፈልህ፣ ቤት ግዛበት" ያሉህን ለጊዜው ተዋቸው፣ "የጠርሙስ ስባሪ ነው ጣለው" ያለህንም አትስማው። ሁሉም ፎቶ አይተው ነው የፈረዱት፣ ፎቶው ደግሞ ማታ በአምፖል የተነሳ ነው። እኔ ድንጋይ መለየት ላይ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ ሰውን ከምንም በላይ የሚያሳስተው ቀለም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አረንጓዴነቱን እርሳውና ሌላውን ነገር እንይ።

ያገኘህበት ቦታ ተስፋ ይሰጣል፣ እሱን አልክድህም። ሻኪሶ ያለችበት የጉጂ ኤመራልድ በፈረንጆቹ 2016 እና 2017 ላይ ነው በዓለም ገበያ ስሙ የወጣው፣ ጥራቱም ከታወቁት አገሮች ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኝቷል። ግን እዛ አገር መሬቱ ሁሉ ኤመራልድ ነው ማለት አይደለም። ኤመራልድ እንዲፈጠር ብዙ ጊዜ የማይገናኙ ሁለት ንጥረ ነገሮች መገናኘት አለባቸው፣ ቤሪሊየምና ክሮሚየም። ቤሪሊየሙን የሚያመጣው ፔግማታይት ነው፣ እዛው ጉጂ ቀንጢቻ የሚባለው ቦታ ታንታለም የሚባለው ብረት የሚወጣበት ዓይነት ነጣ ያለ፣ ትላልቅ ኳርትዝና ፌልድስፓር ያለበት ድንጋይ ማለት ነው። ክሮሚየሙ ደግሞ ጠቆር ካለው አረንጓዴ ድንጋይ ይመጣል። ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ ላይ ጥቁር ሚካ ይፈጠራል፣ ኤመራልዱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዛ ሚካ ውስጥ ተቀብሮ ነው።

እና ድንጋይህን ፀሐይ ላይ ይዘህ ስንጥቆቹንና ጎድጓዳ ቦታዎቹን በደንብ እያቸው። በጥፍርህ ስትነካው እንደ ስስ ቅጠል እየተላጠ የሚነሳ፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ወይም ቡናማ ነገር ተጣብቆበት ካገኘህ ሚካው እሱ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው፣ አትፈቅፍቀው እንዳለ ተወው። ከሌለ ግን ተስፋ አትቁረጥ፣ ወንዝ ያንከባለለው ድንጋይ ሚካው ታጥቦ ሊሄድ ይችላል።

ችግሩ እዛው አካባቢ ያ ክሮሚየም የሚሰጠው ድንጋይ ራሱ ወደ ሰርፔንቲን ተቀይሮ በገፍ አለ፣ እሱም አረንጓዴ ነው፣ አንዳንዱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲታሽ ያምራል። አንድ የማውቀው ልጅ የቆጠበውን ገንዘብ በሙሉ አውጥቶ አንድ ከረጢት ሰርፔንቲን በኤመራልድ ስም ገዝቶ መጥቶ አይቻለሁ፣ ልቤ ነው የተሰበረው፣ ምክንያቱም በአንድ ቢላ ብቻ ሊያውቀው ይችል ነበር። ሰርፔንቲን ለስላሳ ነው፣ እጅ ላይ ቅባት የነካው ይመስላል፣ ተራ የብረት ቢላ ይጭረዋል። ኤመራልድ ለጭረት ያለው ጥንካሬ፣ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞህስ መለኪያ፣ ከ7.5 እስከ 8 ነው፣ ቢላ ምንም አያደርገውም፣ ቢላው ነው ብረቱን እላዩ ላይ የሚተወው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ግራጫ መስመር ሲያይ ተጫረ ይላል። ጣትህን ውሃ ነክረህ እሸው፣ መስመሩ ከጠፋ የቢላው ብረት ነው፣ ካልጠፋና ጥፍርህ ከያዘው በትክክል ተጭሯል ማለት ነው። ስትሞክር ደግሞ የማያሳዝንህን ጠርዝ ምረጥ፣ ለስላሳውን ፊት እንዳትነካ። ፍሎራይት የሚባለው ሌላ አረንጓዴ ሊሆን የሚችል ማዕድንም በዚሁ መንገድ ይጋለጣል፣ ጥንካሬው 4 ብቻ ነው።

ቅርጹስ? ወንዝ ካላድበለበለው ኤመራልድ ስድስት ጎን ያለው እንደ እርሳስ ያለ ክሪስታል ነው፣ ጫፉም ጠፍጣፋ ነው። ኳርትዝም ስድስት ጎን አለው ግን ጫፉ ይሾላል፣ ጎኖቹ ላይ ያሉት መስመሮችም አግድም ናቸው። ቱርማሊን የሚባለው ሌላ የከበረ ድንጋይ ደግሞ ቁመቱን ይዘው የሚወርዱ ብዙ መስመሮች አሉት፣ ከላይ ስታየው ጎኖቹ ያበጡ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ፔሪዶት የሚባለው አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ከሆነ የሚጠበቀው ከሌላ ዓይነት መሬት ነው፣ ሜጋ አካባቢ ቦረና ውስጥ ከጥቁር ባዛልት ጋር ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ካንተ ቦታ ጋር ብዙም አይሄድም።

አሁን ቤትህ ሆነህ ልትሰራው የምትችለውን፣ እኔ በጣም የማምንበትን ነገር ልንገርህ። እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ፈልግ፣ ከሌለህ ወርቅ ቤት ያለው ዘመድ ወይ ጓደኛ አታጣም። መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቁን መዝንና ጻፈው። ከዛ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው፣ ድንጋዩን በቀጭን ክር አስረህ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስምጠው፣ ግን ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ በእጅህ አንጠልጥለህ ያዘው፣ አረፋ ከተጣበቀበት አራግፈው፣ ከዛ ሚዛኑ የሚያነበውን ጻፍ። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፍለው በቃ፣ የሚመጣው ቁጥር ድንጋዩ ከእኩል መጠን ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግርሃል። ለምሳሌ ደረቁ 13.6 ግራም ሆኖ ውሃ ውስጥ 5 ካነበበ 2.72 ይመጣል፣ ይሄ ኤመራልድ ከሚገኝበት ከ2.67 እስከ 2.78 ባለው ውስጥ ነው። 3.06 አካባቢ ከመጣ ቱርማሊን ነው ብለህ ጠርጥር፣ 3.18 ፍሎራይት፣ 3.3 እና ከዛ በላይ ፔሪዶት ወይ ኤፒዶት የሚባል ሌላ አረንጓዴ ማዕድን። ኳርትዝ 2.65 ስለሆነ ለኤመራልድ በጣም ይቀርባል፣ ተራ የጠርሙስ መስታወት 2.5 አካባቢ ነው፣ ሰርፔንቲንም ከዛ ብዙ አይርቅም፣ ስለዚህ ይሄ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ ከቢላውና ከቅርጹ ጋር አብረህ ነው የምታየው። ሚካ በብዛት ከተጣበቀበትም ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል።

የጠርሙሱን ነገር ለማጥራት 10 እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ፣ ማለትም ትንሽ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ይበቃሃል። መስታወት ውስጥ ክብ ክብ አረፋ ታያለህ። ኤመራልድ ውስጥ የምታየው የተወሳሰበ ስንጥቅ፣ አንዳንዴም ጥቃቅን የሚካ ቅንጣት ነው። ጥርት ያለ፣ ምንም የሌለበት፣ ትልቅ አረንጓዴ ድንጋይ ካየህ ይበልጥ ተጠንቀቅ።

ደሞ እባክህ በመዶሻ እንዳትመታው፣ "እውነተኛ ከሆነ አይሰበርም" የሚሉት ነገር ፍጹም ውሸት ነው፣ ኤመራልድ ለጭረት እንጂ ለምት ጠንካራ አይደለም። እሳት ላይም አታድርገው፣ አሲድም አታፍስበት። ዘይት ቀብተህ ፎቶ አታንሳው፣ ስንጥቁን ስለሚደብቀው ገዢ ሲያውቅብህ አመኔታ ያሳጣሃል።

ዋጋውን በተመለከተ ማንም በፎቶ ሊነግርህ አይችልም፣ የሚነግርህ ካለ ድንጋዩን ከአንተ ሊገዛ የፈለገ ነው። ቤሪል፣ ማለትም ኤመራልድ የሚመደብበት ማዕድን፣ ሆኖ እንኳን ቀለሙ ከደበዘዘና ብርሃን ካላሳለፈ ብዙ ገንዘብ አያወጣም። "ላስመረምርልህ ቅድሚያ ክፈል" ለሚልህ ሰው ድንጋዩንም ብሩንም አትስጥ። አዲስ አበባ ስትመጣ የጂኦሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ድሮ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የምንለው፣ ሄደህ ጠይቅ፣ ወይ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው የመሬት ሳይንስ ክፍል ባለሙያ አሳይ። ለመሸጥ ካሰብክ ደግሞ ማዕድን ማውጣትም መነገድም ፈቃድ እንደሚፈልግ አትርሳ፣ መጀመሪያ ወረዳው ማዕድን ቢሮ ጠይቅ።

እስከዛ ድረስ ቀን ከቤት ውጪ ጥላ ላይ ሆነህ፣ አንዴ ደረቁን አንዴ አርጥበኸው፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርገህ፣ አንዱን ደግሞ ከኋላው የስልክ ባትሪ አብርተህ አንሳውና ከሁለቱ የሚዛን ቁጥሮች ጋር ላክልኝ፣ የሚታየኝን በግልጽ እነግርሃለሁ።