ጄሶው ተፈታ፣ ከዚያስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከሂርማታ ገበያ ስትመለስ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። መሬቱን በእጇ ልትደገፍ ስትል አንጓዋ ላይ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ጄሶ አሰሩላት፣ በ6 ሳምንቱ ፈቱላት፣ «ድነሻል» ተብላ ተመለሰች። ዘንድሮ ደግሞ «ጀርባዬን» እያለች ነው። ቀሚሷ ሁሉ መሬት እየጎተተ አስቸግሯታል። ጎረቤቶች «ዕድሜ ነው፣ ቅልጥም ቀቅላችሁ ስጧት» ይላሉ። ወጌሻ ይሻት ያሉም አሉ። ምን ላድርግ?
(ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ የቀሚሱን ነገር ስለጻፍሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ቀሚስ በራሱ አይረዝምም፤ እናትሽ ሳያጥሩ አልቀሩም። የሳሳ የአከርካሪ አጥንት ሳይወድቁም ይሰበራል። ጀሪካን ብድግ ሲያደርጉ ጭምቅ ይልና ቁመት ይቀንሳል።

ነገሩ የተጀመረው ግን አምና ነው። በእሳቸው ዕድሜ ከቆሙበት ወድቀው አጥንት ከተሰበረ፣ ጄሶ ከማሰር እኩል «ለምን ተሰበረ? አጥንቱ ሳስቶ ይሆን?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። ማንም አልጠየቀም።

ሌላውን ልወቅስ አይደለም። እኔም ስንቱን አንጓ አስሬ ሸኝቻለሁ። ራጁን አያለሁ፣ እጎትታለሁ፣ ጄሶ አስራለሁ፣ «ቀጣይ!»። አንዲት እናት በዓመት ከምናምን ዳሌያቸው ተሰብሮ በቃሬዛ ገቡ። እጃቸውን ዘርግተው «ዶክተር፣ ያኔ ያሰርክልኝ ደህና ነው» አሉኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

አንዴ የተሰበረ ሰው ዳግም የመሰበር ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው። ሀብታም አገር ያሉትም ቢሆኑ ዳሌያቸው ታክሞ አብዛኞቹ ያለ አጥንት መሳሳት መድኃኒት ነው ቤታቸው የሚገቡት። አጥንት ሐኪሙ ስብራቱን ጠግኖ ይሸኛል፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ስብራቱን አልሰማም። ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 መላ አበጁ፦ ዕድሜያቸው 50 ያለፈና የተሰበሩትን ሁሉ ነርሶች እየተከታተሉ ያስመረምሯቸዋል። እኛ ጋ ይህን ሥራ የምትሠሪው አንቺ ነሽ።

የአምናውን ራጅ ይዘሽ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። «አጥራለች፣ እጇም ተሰብሮ ነበር» ብለሽ ጀምሪ። የጀርባ ራጅ ይነሳሉ። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም እንዲሁ ጀርባ ያማልና እሱ መጣራት አለበት። የኩላሊትና የካልሲየም ምርመራም ያስፈልጋል። ለአስም ወይም ለቁርጥማት ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ወስደው ከሆነ አትደብቂ፤ አጥንት ያሳሳል። ራጁ በመሳሳት የተሰበረ አከርካሪ ካሳየ፣ የአጥንት ጥግግት መለኪያ ማሽን እስኪገኝ ተብሎ ሕክምናው አይዘገይም።

ለአጥንት መሳሳት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው መድኃኒት አሌንድሮኔት ነው፤ 70 ሚሊግራም፣ በሳምንት 1 ቀን። ኩላሊታቸው በጣም ለተጎዳ ወይም ለመዋጥ ለሚቸገሩ አይሆንም። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል። ከዚያ ለ30 ደቂቃ መተኛት የለም፣ ጉሮሮ ያቆስላል። ቡናም የለም! ጅማ ላይ ይህን ማለት ቅጣት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከቡና ጋር ከተወሰደ ሰውነት ውስጥ የሚገባው መድኃኒት በ60 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ግማሽ ሰዓት ታግሠው እስከ ሦስተኛ ይጠጡ።

ቅልጥሙ ይጣፍጥ እንጂ መረቁ ብዙ ካልሲየም የለውም፤ ወተትና ጎመን ይሻላሉ። ወጌሻ ግን ጀርባቸውን እንዳይነካ፣ አደራ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ቀሚሱን አሳጥሪላቸው። ጠልፎ እንዳይጥላቸው።