መልስ፦ ለሁሉም ተጠቃሚ አንድ ማጣሪያ ወይስ ለየብቻ?

አይፈለጌ መልእክትን (ስፓምን) የሚለየውን ማጣሪያ ስፓምአሳሲንን ለ40 የኢሜይል ተጠቃሚዎች በጋራ ላሠልጥነው ወይስ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ብለው ለጠየቁት፣ በጋራ ይሁን እላለሁ። ከተማራቸው መልእክቶች ተነስቶ አዲሱን የሚገምተው የቤይዝ ክፍሉ ነጥብ መስጠት የሚጀምረው ቢያንስ 200 አይፈለጌና 200 ትክክለኛ መልእክት ከተማረ በኋላ ነው። በቀን አምስት ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው ብቻውን እዚያ እስኪደርስ ወራት ይፈጅበታል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ስም ገብቼ ሳሠለጥን ቆየሁ፤ አንድም ለውጥ የለም። ለካ ማጣሪያው የሚሠራው በሌላ ተጠቃሚ ስም ኖሮ፣ ያስተማርኩት ሁሉ ማንም በማያነበው የመረጃ ቋት ውስጥ ተከማችቷል! ስለዚህ የቤይዝ መረጃ ቋቱ የሚቀመጥበትን ቦታ በዋናው የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ይወስኑ፤ ሥልጠናውንም ማጣሪያው በሚሠራበት በዚያው ስም ያስኪዱ።

ተጠቃሚዎች ደብዳቤ ወደ አይፈለጌ አቃፊ ሲያዛውሩ ማጣሪያው ወዲያው እንዲማር የኢሜይል ሳጥኖቹን በሚያስተዳድረው ሰርቨር በዶቭኮት በኩል ማድረግ ይቻላል፤ ከአቃፊው ሲያወጡም እንዲሁ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ወዶ የተመዘገበበትን ሳምንታዊ ዜና መሰረዝ የታከተው አንድ ሰው ሁሉንም አይፈለጌ እያለ የሌሎቹንም ማጣሪያ ያበላሻል። እኔ አይፈለጌ የተባለውን መጀመሪያ በአንድ አቃፊ አጠራቅሜ፣ ላኪዎቹን አየት አድርጌ ነው የማስተምረው።

መልእክት አይፈለጌ የሚባልበትን የ5 ነጥብ ገደብ ለጊዜው አይንኩት። የሚፈቀዱ ላኪዎች ዝርዝር ግን ለየሰው ቢሆን ይሻላል። የተያዘውንም ደብዳቤ ወደ አቃፊው ያዛውሩት እንጂ አያጥፉት።