መልስ፦ የእስያ ባህል ጥናት ወይስ ቻይንኛ ብቻ?
እህቴ፣ «ዱከም ነው የምኖረው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የእስያን ባህልና ማኅበረሰብ ከማጠና ቻይንኛ ብቻ ብማር አይሻለኝም?» ላልሽው፦ ቋንቋው ብቻውን አስተርጓሚ ያደርግሻል፤ የቻይና ፋብሪካዎች ያሉበት ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ደጅሽ ስለሆነ እንጀራ አታጪም። ግን በጥር ወይ በየካቲት አዲስ ዓመታቸው ሲደርስ ቻይናዊው ኃላፊ ለምን ወላጆቹ ዘንድ እንደሚሮጥ፣ የኛዋ ሠራተኛ ደግሞ በሁዳዴ ለምን የካፌውን ሥጋ እንደማትነካ ለሁለቱም ማስረዳት ሲመጣ መዝገበ ቃላት አያዋጣም።

ደግሞ እስያ ማለት ቻይና ብቻ አይደለችም (ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል)። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አርአያ ያደረገው የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው፤ ቃኘው ሻለቃም ኮሪያ ዘምቷል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል? ቻይንኛውን ጎን ለጎን ያዢው። ለሁለተኛ ዲግሪ የጃፓን መንግሥት ሜክስት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያውንም የአውሮፕላን ትኬቱንም ይችላል።