ገንዘብ ያዥነቱን አትልቀቂ

ሰላም እህቴ፤

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ አካውንቲንግ፣ 3ኛ ዓመት ነሽ። የበጎ አድራጎት ክበቡ ገንዘብ ያዥ ከሆንሽ ዓመት አልፎሻል። አባትሽ ግን ከደንቢያ ደውለው «ሽንኩርት ሸጬ የምልክልሽ ለትምህርት እንጂ ለክበብ አይደለም፤ ተይው» አሉሽ። ልተወው ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትተይው።

የአባትሽ ፍርሃት ይገባኛል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ግን እዚህ ላይ ተሳስተዋል። የሽንኩርቱ ብር የሚመለሰው ስትቀጠሪ ነው። ቀጣሪ ደግሞ ዲግሪ የያዘ ሰው አላጣም፤ የቸገረው የሰው ገንዘብ ይዞ በትክክል ያስረከበ ሰው ነው።

መሀል ላይ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ። ለፋሲካ የአረጋውያኑ ምሳ ከተገዛ በኋላ 140 ብር ጎደለሽ። ማታ ዶርም ውስጥ ደረሰኞቹን አልጋ ላይ ዘርግተሽ አንድ በአንድ ስታመሳክሪ፣ ለባጃጅ ተከፍሎ ኖሯል፤ ደረሰኝ የለውም። ከዚያ ወዲህ ለባጃጅም ቢሆን ብር የወሰደውን ሰው ታስፈርሚያለሽ። ይሄ እኮ የውስጥ ቁጥጥር ነው! ክፍል ውስጥ ትርጉሙን ጽፈሽ ማርክ ታገኚበታለሽ። አንቺ ግን ሠራሽው።

እኔ ተማሪ ሳለሁ የክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። የመጀመሪያ ሥራዬን ስጠየቅ ስለ ውጤቴ ብዙም አልተነሣም። «ከሰው ጋር ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ሁለት ቡድን የተጣላበትን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዴት አድርጌ ሁለቱንም እንዳስፈረምኩ ነገርኳቸው። ተቀጠርኩ።

ዩኒቨርሲቲሽም ቢሆን በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀምር፣ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) በአንድ ቡድን ጤና ጣቢያ እየላከ ነው ያስተማረው።

ለሠርተፊኬት ብለሽ የተመዘገብሽባቸውን ሌሎቹን ሦስት ክበቦች ግን ዛሬውኑ ውጪ። አባትሽ እዚያ ላይ ልክ ናቸው። 4ኛ ዓመት ሁለተኛው ሴሚስተር ሲገባ ደግሞ መዝገቡን በጽሑፍ አስረክበሽ ለመውጫ ፈተናው ተቀመጪ። የርክክቡን ቅጂ ያዢ፤ ለቃለ መጠይቅ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ዲፓርትመንት ልቀይር ወይ ያልሽውን እርሺው፤ ረፍዷል። ያሳሰበሽ እንግሊዝኛሽ ደግሞ የክበቡን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ስትጽፊ ይሻሻላል።

አባትሽ ጋ ስትደውዪ ስለ ክበብ አታውሪ። «የዕድሩን ገንዘብ ለማን ነው የምትሰጡት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሲመልሱልሽ፣ እኔም እዚህ የያዝኩት እሱን ሥራ ነው በያቸው።