ነባር ዳታቤዝን ወደ ጃንጎ ስለ ማዛወር

ጥያቄ፦ የምሠራበት የቁጠባና ብድር ማኅበር ለዓመታት ሲገለገልበት የኖረው ፕሮግራም በፒኤችፒ የተጻፈ ሲሆን፣ መረጃው በማይኤስኪውኤል ተቀምጧል። አሁን ወደ ጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ የድር ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) እንድናዛውረው ተወስኗል። ሠንጠረዦቹን እንደ አዲስ ሠርቼ መረጃውን ልገልብጥ ወይስ እንዳሉ ልጠቀምባቸው? የመዋጮው ሠንጠረዥ ቀዳሚ ቁልፍ (እያንዳንዱን መዝገብ ከሌላው የሚለየው) የአባል ቁጥርና ወር በአንድነት ነው፤ ቀኖቹም በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በጽሑፍ ዓምድ የተመዘገቡ ናቸው።

መልስ፦ ሠንጠረዦቹን እንዳሉ ይዘው ይጀምሩ። የድሮው ፕሮግራም ሥራ ላይ እያለ የሠንጠረዥ ስም መቀየር ገንዘብ ተቀባዩን በሥራ ሰዓት ያስቆመዋል። የጃንጎ ኢንስፔክትዲቢ ትእዛዝ ሠንጠረዦቹን አንብቦ የሞዴሎቹን፣ ማለትም ሠንጠረዦቹን በጃንጎ ውስጥ የሚወክሉትን ክፍሎች፣ ኮድ ይጽፍልዎታል፤ «ማኔጅድ» የሚለውንም «ፎልስ» ስለሚያደርገው፣ ጃንጎ ሠንጠረዦቹን አይፈጥርም፣ አይለውጥም፣ አይሰርዝም።

የሚያገኙትን ኮድ ግን እንደ ረቂቅ ይመልከቱት። ሠንጠረዦቹ በማይአይሳም (ከማይኤስኪውኤል የማከማቻ ሞተሮች አንዱ) የተሠሩ ከሆነ፣ ይህ ሞተር የውጭ ቁልፍን (የአንዱን ሠንጠረዥ መዝገብ ከሌላው ጋር የሚያያይዘውን) ስለማያስከብር፣ ክፍያን ከአባል ጋር የሚያገናኘው ዓምድ በሞዴሉ ላይ ተራ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ወደ ውጭ ቁልፍ ከመለወጥዎ በፊት ባለቤታቸው ከአባላት መዝገብ የተሰረዘ ክፍያዎች እንዳሉ ይፈትሹ። ቢገኙ የሰው ቁጠባ ናቸውና ከሂሳብ ክፍሉ ጋር አንድ በአንድ ይታዩ እንጂ አይሰረዙ።

እንደ መዋጮው ሠንጠረዥ ከአንድ በላይ ዓምድ የያዘ ጥምር ቁልፍን ጃንጎ ከ5.2 ጀምሮ ይቀበላል፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ሞዴል በአድሚን ገጽ (ጃንጎ በሚያቀርበው የመረጃ ማስተዳደሪያ) ላይ ስለማይመዘገብ፣ ራሱን የሚቆጥር አንድ የመለያ ዓምድ ጨምረው የቀድሞውን ጥምረት እንዳይደገም ማድረጉ ይሻላል። ዓምዱን ከመጨመርዎ በፊት ግን የፒኤችፒውን ኮድ ይመርምሩ፤ የዓምዶችን ስም ሳይጠራ መረጃ የሚያስገባ ትእዛዝ ካለ፣ ቁጥሩ ስለማይገጥም ወዲያው ይሰናከላል።

ከሁሉ የከበደው የቀኑ ጉዳይ ነው። ጽሑፉን እንዳለ ወደ ቀን ዓይነት ቢለውጡት፣ ጥቅምት 30 (30/2) እና ጳጉሜን 5 (5/13) በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሌሉ ስሕተታቸው ቶሎ ይጋለጣል። የሚያሰጋው ሳይታወቅ የሚያልፈው ነው፦ 12/5/2010 ጥር 12፣ ማለትም ጃንዩወሪ 20 ቀን 2018 ሆኖ ሳለ፣ ማሽኑ ሜይ 12 ቀን 2010 ብሎ ይቀበለዋል፤ የብድሩ ወለድም ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተጉዞ ይሰላል። ስለዚህ ከጽሑፉ ዓምድ ጎን አዲስ የቀን ዓምድ ይክፈቱ፤ ቀኑን ቀይረው ከሞሉ በኋላ መልሰው ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀይሩትና ከዋናው ጽሑፍ ጋር ያመሳክሩ። የጽሑፉን ዓምድ ቢያንስ አንድ የበጀት ዓመት ሂሳብ በአዲሱ ፕሮግራም ተዘግቶ ኦዲት እስኪደረግ ድረስ አይንኩት።